ከፌስሊፍት የተረፈውን ስማስ ለአፍንጫና ለአፍ እጥፋት መጠቀም

ጥያቄ፦
ፌስሊፍት (የፊትን ቆዳ የሚወጥር ቀዶ ሕክምና) ላይ ከጆሮ ፊት ለፊት የሚቆረጠውን የስማስ (ከፊት ቆዳና ስብ ስር ያለ የጡንቻ ሽፋን) ቁራጭ ከመጣል፣ ከአፍንጫ ክንፍ ወደ አፍ ጥግ በሚወርደው እጥፋት ስር መቅበር ይሻላል ወይስ ስብ መውጋት? የተቀበረው አንዳንዴ ገመድ መስሎ የሚታየውስ ለምንድን ነው?

መልስ 1፦
ገመድ የሚመስለው ዋሻው፣ ማለትም ቁራጩ የሚቀበርበት ከቆዳ ስር የሚከፈት ጠባብ መተላለፊያ፣ ለቆዳው ገጽ በጣም ስለሚቀርብ ነው። ከዴርሚስ (ከውስጠኛው የቆዳ ሽፋን) በታች ይክፈቱት፣ ስፋቱም ለቁራጩ ልክ ብቻ ይሁን፤ ከሰፋ ይንሸራተታል። ቁራጩ እስኪገባ ድረስ በጨው ውሃ በራሰ ጎዝ ይቆይ፤ ከደረቀ አለቀለት። ጫፉን በክር አስረው በዋሻው ውስጥ ይጎትቱት፤ ሁለቱን ጫፎች ማሳሳት አይርሱ፣ ጉብታው የሚወጣው እዚያ ነው።

መልስ 2፦
ውፍረትም ይታሰብበት። ቁራጩ የመጀመሪያዎቹን ቀናት የሚኖረው ከዙሪያው በሚሰርግለት ፈሳሽ ነው፤ ወፍራም ከሆነ ለመሃሉ ስለማይደርሰው ይሞትና ይመጠጣል። ዋሻው ውስጥ ደም ከቋጠረም ያው ነው፤ ሳያስገቡ መድማቱን ያቁሙ።

መልስ 3፦
ስማሱ ካነሰ ስብ ይጨመራል። ጫፉ ደንዳና የሆነ ካኑላ (ስብ የሚገባበት ቀጭን ቱቦ)፣ በአንድ ምልልስ ቢበዛ 0.1 ሚሊ ሊትር፣ ያውም ካኑላውን ወደ ኋላ እየሳቡ። እጥፋቱ አጠገብ የፊት ደም ቅዳ ያልፋል፤ በግፊት የገባ ስብ እስከ ዓይን ተጉዞ ሊያሳውር ይችላል። በሹል መርፌ እዚያ መውጋት ድፍረት እንጂ ችሎታ አይደለም።