ጥቆማ፦ ክሬም ከመግዛታችሁ በፊት ቁራሌውን ጠይቁት

የፊትና የገላ ቅባት ነገር ቆሻሻ እያበዛባችሁ ለተቸገራችሁ፣ በተለይ ቱሉ ዲምቱ፣ ቂሊንጦ፣ ገላንና ኮዬ ፈጬ አካባቢ ላላችሁ የማውቀውን ልጻፍ። ዋጋ አልጠቅስም። ዛሬ የጻፍኩት የሚቀጥለው ሳምንት አይሠራም።

መመዘኛዬ አንድ ነው፦ ዕቃው ሲያልቅ ባዶውን ማን ይወስደዋል? እኛ ሰፈር መልሱ ያለው ቁራሌው ጋ ነው። ሃይላንድ ይወስዳል። ጀሪካን፣ ጠንካራ ፕላስቲክ፣ ቆርቆሮ ሲያይ ደግሞ አይኑ ያበራል። የክሬም ቲዩብ ስትሰጡት ግን ገልበጥ አድርጎ ያየውና ይመልስላችኋል። አይፈረድበትም። አንዳንዱ ቲዩብ ፕላስቲክና አልሙኒየም ተደራርቦ የተጣበቀ ስለሆነ ለይቶ ማቅለጥ አስቸጋሪ ነው። የሎሽን ፓምፕም ሆዱ ውስጥ ብዙ ጊዜ የብረት ስፕሪንግ አለው፤ እሱን ነቅላችሁ ጠርሙሱን ብቻ ስጡት። ቁራሌው ያልፈለገው በጽዳት ማህበራቱ ጆንያ ይሄዳል፤ ሂሳቡን ከውሃ ቢል ጋር እንከፍላለን፣ ቆሻሻው ግን የትም አይጠፋም፣ ይከመራል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቆሼ ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ማለቁን ማን ይረሳል።

በዚህ መመዘኛ የገላ ሳሙና ፈሳሹን በሩቁ ይበልጠዋል። መጠቅለያው ብዙ ጊዜ ወረቀት ነው፤ ሲያልቅ ምንም አይተርፍም። ውሃ በፈረቃ ለሚመጣበት ሰፈርም ቶሎ የሚለቅ ሳሙና ይሻላል። ባዛርና እሁድ ገበያ ላይ ሴቶች የሚሸጡት የሽፈራው፣ የማርና የጥቁር አዝሙድ ሳሙና አለ። ጥሩ ጥሩ አሉ። ስትገዙ አንድ ነገር ጠይቁ፦ «ከተሠራ ስንት ጊዜው ነው?» በኮስቲክ ሶዳ በቀዝቃዛው የሚሠራ ሳሙና አንድ ወር ገደማ ቢቀመጥ ይመረጣል። ሻጯ ጥያቄው ካልገባት ወደሚቀጥለው ጠረጴዛ እለፉ። ፊታችሁ ደረቅ ከሆነ ማንኛውም ሳሙና ቆዳችሁን ሊያደርቀው ይችላል፤ ለገላ አድርጉትና ፊታችሁን ጠዋት በውሃ ብቻ ታጠቡ። የልብስ ሳሙና ፊት ላይ? በፍጹም። ሳሙናው ውሃ ውስጥ ተኝቶ እንዳይሟሟ ደግሞ የጀሪካን ቂጥ ቆርጣችሁ ብሱትና ማስቀመጫ አድርጉት።

ቅባት ላይ ሦስት ምርጫ አለ።

ቫዝሊን የእኔ አንደኛ ነው። ውሃ ስለሌለው ቶሎ አይበላሽም። ትልቁን ግዙ። ትንንሹን ደጋግሞ መግዛት ባዶ ጣሳ ማጠራቀም ነው። ፊቱ ቶሎ ብጉር የሚያወጣ ሰው ለእጅ፣ ለእግርና ለክርን ያድርገው። ግሊሰሪን ርካሽ ነው፣ ከየፋርማሲው ይገኛል፤ ግን እንዳለ አይቀባም፣ በውሃ ይቀጠናል። የቀጠነው ደግሞ ስለሚበላሽ ለጥቂት ቀን የሚበቃችሁን ብቻ በጥብጡ። ብዙ ሰው ጠርሙሱን ሙሉ በጥብጦ ግማሹን የሚደፋው እዚህ ጋ ነው። ሦስተኛው የሰሊጥ ዘይት ነው። ጨማቂ ቤት የራሳችሁን ጠርሙስ ይዛችሁ ከሄዳችሁ ይቀዱላችኋል። ጠርሙሱ ውስጡ ጠብ የሚል ውሃ እንዳይኖረው። ሽታው ለሥራ ቦታ አይሆንም፤ እኔ ማታ ነው የምቀባው። እና እባካችሁ ፌስታል አንጠልጥላችሁ አትሂዱ፤ በ2017 ዓ.ም. በጸደቀው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ተከልክሏል።

የሜካፕ ማስለቀቂያ ጥጥና እርጥብ ዋይፕስ ላይ ክርክር የለኝም፣ ይቅሩ። ብዙው ዋይፕስ ፕላስቲክ አለበት። ሽንት ቤት ሲጣል የኮንዶሚኒየሙን መስመር ይዘጋል፤ ከታች ያለው ጎረቤት ነው ፍዳውን የሚያየው። መተኪያው ያረጀ ነጠላ ነው። ጥለቱን ለዩት፣ መሃሉን በመዳፍ ልክ ቁረጡት። ድሩ እንዳይተረተር ሰፈር ያለው ልብስ ሰፊ ጠርዙን ይዘምዝምላችሁ፤ ሥራ ሲቀዘቅዝለት ሂዱ እንጂ የበዓል ሰሞን አይሞከርም። ብዙ የታጠበ ነጠላ ከአዲስ ጥጥ ይለሰልሳል። በሳሙና አጥባችሁ ፀሐይ ላይ አስጡት። እርጥቡን ጨምድዳችሁ ከተዋችሁት ይሸታል።

የእሬት ጄል መግዛትም ትርጉም የለውም። በባዶ የቀለም ባልዲ ተክላችሁ በረንዳ ላይ አስቀምጡት፣ ውሃም ብዙ አይፈልግም። ዋናው አቆራረጡ ነው። የታችኛውን ወፍራም ቅጠል ትቆርጡና በቁመቱ ኩባያ ውስጥ ታቆሙታላችሁ። ከቆረጣችሁበት ቢጫ ፈሳሽ ይወርዳል። ቆዳ የሚያሳክከው እሱ ነው፤ ተንጠፍጥፎ ይለቅ። ከዚያ አጥባችሁ ስትልጡት መሃሉ እንደ መስታወት የጠራ ነው፣ ያንን ብቻ ተቀቡ። መጀመሪያ ክንዳችሁ ላይ ሞክሩት።

ቁጠባ የማይሠራበት አንድ ነገር ሰንስክሪን (የፀሐይ መከላከያ ክሬም) ነው። ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነን፤ በየ1,000 ሜትሩ ቆዳ የሚያቃጥለው የፀሐይ ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ቤት ውስጥ የተቀመመ አትመኑ፣ ቀኑ ያለፈበትንም «ያሳዝናል» ብላችሁ አትጨርሱት። ከፋርማሲ ግዙ። ታክሲ ሰልፍ ላይ ጃንጥላና ባርኔጣ ያዙ፤ የተሸፈነው ቦታ ክሬም አይፈልግም። ቲዩቡ አልቋል ስትሉ በመቀስ መሃሉን ቁረጡት፣ ግድግዳው ላይ የቀረው ጥቂት ቀን ያስኬዳል። ሎሚ ግን ፊታችሁን ቀብታችሁ ፀሐይ እንዳትወጡ፤ ያቃጥላል፣ ጥቁረቱም ቶሎ አይለቅም።

«ክሬም በማንኪያ ቀንሰው የሚሸጡትስ?» ያላችሁኝ አላችሁ። ማሸጊያ ይቀንሳል፣ እውነት ነው። ግን ምን እንደሆነ፣ መቼ እንደተከፈተ፣ በማን እጅ እንደተጨለፈ አይታወቅም። ከዚያ ይልቅ ከጎረቤት ጋር ሁለት ሆናችሁ የታሸገ ትልቅ ግዙና ንጹሕ ብልቃጥ ላይ ተካፈሉ። ማሸጊያው ጀርባ ክዳኑ የተከፈተ ትንሽ ዕቃ ሥዕል አለ፤ እላዩ ላይ ያለው ቁጥር ከተከፈተ በኋላ የሚያገለግልበት ወር ነው። የከፈታችሁበትን ቀን በእስክሪብቶ ጻፉበት። ለሁለት ከሆነ ሳያልፍበት ያልቃል።

የሚያቀላ ክሬም ከዚህ ሁሉ ውጪ ነው። አንዳንዱ ሜርኩሪ አለበት። ባዶ ብልቃጡንም አጥባችሁ ለቅመም እንዳታውሉት። በሱ ምክንያት ቆዳው የተጎዳ ሰው እሬትም ቫዝሊንም አይፈልግ፣ የቆዳ ሐኪም ጋ ይሂድ፤ አለርት ሆስፒታል ለዚህ የታወቀ ነው።

ሰሊጥ በራስ ጠርሙስ የሚቀዳ ጨማቂ ቤት ለገጣፎ፣ ሱሉልታ ወይም ቡራዩ በኩል የምታውቁ ከታች ጻፉልን። ብልቃጥ የሚቀበል ቁራሌ የሚመጣበትን ቀንም ጨምሩበት።