የወንዝ ጀልባ እንዴት የጦር ጀልባ ሆነ? ልጄን ላግዛት

ጥያቄ፦ የሴንት ሉዊሷ እናት
ጤና ይስጥልኝ። ልጄ 8ኛ ክፍል ናት። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ወደ ጦር ጀልባነት የተቀየረ አንድ የእንፋሎት ጀልባ መርጣ ሞዴሉን መሥራት፣ ምኑ እንደተቀየረም ማስረዳት አለባት። "ካይሮ" የሚባለውን መርጣለች። ካርቶን ቆርጣ የወጥ ቤት ፎይል ልታለብሰው ነው። ትናንት ማታ "እማዬ፣ ይሄን ሁሉ ብረት ተሸክሞ እንዴት አልሰጠመም?" ስትለኝ መልስ አጣሁ። ሁለት ሳምንት ነው የቀራት። እባካችሁ።

መልስ፦ ታሪክ ወዳዱ
እህቴ፣ ፎይሉን ሳትቆርጥ ድረሺባት! ካይሮ የተቀየረ ጀልባ አይደለም። የእናንተው ከተማ ሰው ጄምስ ኢድስ ከመነሻው ለጦርነት ብሎ ከሠራቸው ሰባት ብረት ለበሶች አንዱ ነው። በከተማችሁ ሚሲሲፒን የሚሻገረው የኢድስ ድልድይም የእሱ ሥራ ነው።

ለእሷ የሚሆኑት ታይለር፣ ሌክሲንግተንና ኮነስቶጋ ናቸው። የባሕር ኃይል መኮንኑ ጆን ሮጀርስ በ1861 (በአውሮፓውያን) ሲንሲናቲ ላይ የገዛቸው ተራ የንግድ ጀልባዎች ነበሩ። የላይኛው ቤት ፈረሰ። ቦይለሩ (ውሃ አፍልቶ እንፋሎት የሚያወጣው ጋን) እና የእንፋሎት ቧንቧው ወደ ጀልባው ሆድ ወረደ። ዙሪያው 5 ኢንች ውፍረት ባለው የኦክ ሳንቃ ታጠረ። መድፍ ተጫነ። እንጨት ለበስ ናቸው እንጂ ብረት የላቸውም። ሳንቃው የጠመንጃ ጥይት ይመልሳል፤ የመድፍ አረር ግን አይችልም።

መልስ፦ የቦይለር ቤት ሠራተኛ የነበረ
ልጄ፣ ቦይለሩ መውረዱን ልጅሽ በደንብ ታስረዳ፤ ዋናው ቁም ነገር እሱ ነው። እኔ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ዓመታት ቦይለር ጠብቄያለሁ። እንፋሎት ከቧንቧ ሲያመልጥ ቀዳዳው አጠገብ አይታይም። ነጭ ጉም የምታይው ራቅ ብሎ ነው። እጅህን ብትሰድ አለቀልህ። በንግድ ጀልባ ላይ ቦይለሩ ከውሃው በላይ፣ ወለሉ ላይ ተቀምጦ ለጥይት የተጋለጠ ነው። ቦይለሩ ከውሃው መስመር በታች ሲወርድ ግን ወንዙ ራሱ ይከልለዋል።

ብረት ቢለብስም አደጋው አልቀረም። ኤሴክስ የሚባለው ብረት ለበስ ቀድሞ ወንዝ ማሻገሪያ የነበረ ጀልባ ነው። በየካቲት 1862 ፎርት ሄንሪ በሚባለው ምሽግ ውጊያ ላይ አንድ አረር ቦይለሩን በሳው፤ እንፋሎቱ ብዙ ሰው ጠበሰ። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ማውንድ ሲቲ በሚባለው ብረት ለበስ ጀልባ ላይ በአንድ አረር ከ100 ሰው በላይ አለቀ። ነፍስ ይማር።

መልስ፦ ወንዝ ዳር
የልጅቷ ጥያቄ ግሩም ነው። የወንዝ ጀልባ ሆዱ ሰፊና ጠፍጣፋ ስለሆነ ብዙ ይሸከማል። ግን ብረት በበዛ ቁጥር ዝቅ ይላል፤ ጥልቀት በሌለው ውሃ ደግሞ አሸዋ ላይ ይቀመጣል። ስለዚህ ወፍራሙን ብረት ፊት ለፊትና ሞተሩ አካባቢ ብቻ ያደርጉ ነበር። ለትንንሾቹ ወንዞች ደግሞ ስስ ብረት የለበሱ ቀላል ጀልባዎች አዘጋጁ። በተቃራኒው ወገን የነበሩት ደቡቦች ብረት ሲያጥራቸው በድርብ ሳንቃ መካከል ጥጥ ጠቀጠቁ። በሰኔ 1862 ሜምፊስ ከተማ አጠገብ በተደረገው ውጊያ ከስምንቱ ጥጥ ለበሶች ያመለጠው አንድ ብቻ ነው።

መልስ፦ አናጺው
ታይለርን ትሥራ። ርዝመቱ ወደ 55 ሜትር ነው። በመቶ ስታካፍይው 55 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ያ 5 ኢንች ሳንቃ ደግሞ ወደ 1.3 ሚሊ ሜትር ይወርዳል፤ ካፌ ውስጥ ቡና ማማሰያ የሚሰጡት ቀጭን እንጨት በቂ ነው። ጎን ለጎን በቀጭን ኮላ ይለጠፍ። መቅዘፊያ መንኮራኩሮቹ በሁለቱ ጎን ናቸው። አንዱን ጎን ክፍት ትተወው፣ ቦይለሩ ከውሃ መስመር በታች መሆኑ እንዲታይ።

የሴንት ሉዊሷ እናት
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁም። ጋሼ፣ የእርስዎን ሳነብላት ዝም ብላ ቆየች። ከዚያ ያለቀ የከንፈር ቅባቷን ብልቃጦች ሰብስባ ቦይለር አደረገቻቸው። ፎይሉ ተመልሷል። አንድ ነገር ቀረን፦ ላይኛው ቤት ሲፈርስ ጭስ ማውጫውም አብሮ ይነሳል?

አናጺው
አይነሳም። ሁለት ናቸው፣ ጎን ለጎን ትትከላቸው።