ብረት ጭልፋ እጄን ሲያቃጥለኝ ማማሰያው ለምን ዝም አለ?

ጠያቂ፦ ሰላም ቤተሰብ። ትናንት ሽሮ እየሠራሁ የብረት ጭልፋውን ድስቱ ውስጥ ትቼው ዞር አልኩ። ተመልሼ ስይዘው ለበለበኝ! የእንጨቱ ማማሰያ አብሮት ቆይቶ እጀታው ምንም አልሆነም። ጠዋት ደግሞ ሁለቱም መደርደሪያ ላይ አድረው ብረቱ በረዶ፣ እንጨቱ ደህና ነው። ብረት ሙቀትም ቅዝቃዜም ይስባል ማለት ነው?

መልስ 1፦ አይስብም እህቴ። የሚጓዘው ሙቀት ብቻ ነው፣ እሱም ከሞቀው ወደ ቀዘቀዘው። ጠዋት ቴርሞሜትር ብታስጠጊባቸው ሁለቱም እኩል ናቸው፣ አንድ ክፍል ውስጥ ነው ያደሩት። ብረቱ የእጅሽን ሙቀት ቶሎ ወስዶ ወደ ውስጥ ያሳልፈዋል፣ እጅሽ ስለሚቀዘቅዝ ብረቱ የቀዘቀዘ ይመስልሻል። እንጨቱ ግን የነካሽው ቦታ ብቻ ሞቅ ይልና እዚያው ይቆማል።

መልስ 2፦ ልዩነቱ ቀላል እንዳይመስልሽ። አሉሚኒየም ሙቀት በማስተላለፍ ደረቅ እንጨትን ከ1000 እጥፍ በላይ ይበልጠዋል። ብረት ሁሉ ግን አንድ አይደለም፤ የማይዝገው ስቴንለስ ከአሉሚኒየም ከ10 እጥፍ በላይ ያንሳል። ጭልፋ ስትገዢ እሱን ምረጪ፣ እጀታው ቶሎ አይግልም።

ጠያቂ፦ እሺ፣ የሸክላ ምጣድስ? እስኪግል ነፍስ ያወጣል።

መልስ 1፦ ሸክላ ሙቀት የሚያሳልፈው በዝግታ ነው፣ ወፍራምም ስለሆነ ብዙ ይይዛል። አንዴ ከጋለ በኋላ ቀዝቃዛ ሊጥ ስታፈሺበት ቶሎ አይወርድም። ስለዚህ እሳቱን አታብዢ፣ ጊዜ ስጪው።