ጭሱ እንዲወጣ፣ ትንኙ እንዳይገባ

ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ፣ ከጣና ብዙም ሳይርቅ ተከራይቼ እኖራለሁ። ቤቱ ሁለት ክፍል ነው፤ ብሎኬት ግድግዳ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ። መስኮቶቹ ሁለቱም ወደ ግቢው ናቸው። የኋላው ግድግዳ ድፍን ነው። አየር ይገባል እንጂ አያልፍም።

መብራት ሲጠፋ ከሰል እንጠቀማለን። ውጭ አቀጣጥለን፣ ፍም ሲሆን እናስገባዋለን። ጭሱ ይቀንሳል፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው መርዛማ ጋዝ ግን ከፍሙም ይወጣል፣ ሽታም ቀለምም የለውም። ቡናው ተፈልቶ ዕጣን ሲጨመርበት ራስ ምታቱ አይጣል ነው። መስኮት እንዳንከፍት ሲመሽ ትንኙ ይወርረናል፤ ወባ ደግሞ እዚህ ቀልድ አይደለም።

መስኮቱን ወንፊት ሽቦ አስመታሁት። ትንኙ ቀረ፤ ጥላሸትና አቧራ ሲደፍነው ነፋሱም አብሮ ቀረ። ማራገቢያ ገዛሁ። የሚሠራው መብራት ሲኖር ነው፤ መብራት ካለማ ከሰሉ ምን ያደርግልኛል! ከቁምሳጥኑ ጀርባ ያለውን ጥቁር ሻጋታ በበረኪና አጥቤ ቀለም አስቀባሁ። ክረምት ሲገባ ቀለሙ አብጦ ተላጠ፣ ሻጋታው ከሥሩ ብቅ አለ። ቁምሳጥኑን ከግድግዳው ማራቄ ትንሽ ረድቷል። ልጄ ግን አሁንም ሌሊት ሌሊት ታስላለች።

አከራዬ አዲስ መስኮት አይከፈትም ብለዋል። በስንት ልመና ከኋላው ግድግዳ አንድ ብሎኬት አውጥቼ በወንፊት ሽቦ እንድሸፍነው ፈቀዱልኝ። አንድ ብቻ። ግንባታ የምታውቁ፣ ብሎኬቱን ከጣሪያው ሥር ላውጣው ወይስ ዝቅ አድርጌ ከከሰል ምድጃው ትይዩ?