ያረጀው ውሻዬ ይሰማል፣ ግን አይለይም። ጆሮው ነው ወይስ አንጎሉ?

የጦሳዋ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢ ነው የምኖረው። ቡቺ 13 ዓመቱን ይዟል። ድሮ ከዚያ ሁሉ ባጃጅ መሀል የወንድሜን ለይቶ በር ላይ ይጠብቀው ነበር። አሁንም ሌሊት ጸጥ ሲል ስጠራው ይመጣል። ገበያ ቀን ግን አጠገቡ ቆሜ ብጠራው ዞር ዞር ብሎ ያያል እንጂ ወደ እኔ አይመጣም። ትናንት ወንድሜን ራሱን ጮኸበት። አንጀቴን በላው። ደንቁሮ ቢሆን ሌሊትስ እንዴት ይሰማኛል?

የኮምቦልቻ መምህር፦
አብሽሪ እህቴ። ባዮሎጂ ነው የማስተምረው፣ ጥርጣሬሽ መሠረት አለው። የአንጎል ሕዋስ ለሚመለከተው ነገር መልስ ይሰጣል፣ ለማይመለከተው ዝም ይላል። ዝም የሚያሰኘው ጋባ የሚባል ኬሚካል ነው። በእርጅና የሚደክመው አንዱ ይህ ነው። በሬሰስ ጦጣዎች እይታ ላይ በደንብ ታይቷል። በወጣቶቹ አንጎል አንዱ ሕዋስ ለቆመ መስመር፣ ሌላው ለተጋደመ መስመር ይነሳል። ባረጁት ግን ብዙዎቹ ሕዋሶች ለየትኛውም መስመር ይነሳሉ፤ ምንም ሳይታይም አያርፉም። እ.ኤ.አ. በ2003 በወጣ ጥናት ሕዋሶቹ ላይ ጋባ ጠብ ሲደረግ መልሰው መለየት ጀመሩ። እኔን ሁሌ የሚገርመኝ ይህ ነው፤ ሕዋሱ እኮ አልሞተም! ባረጁ አይጦች የመስማት ክፍል ላይም የጋባ መድከም ታይቷል። ድምፅ እንዲለዩ ለሳምንታት ሲለማመዱ ደግሞ ብዙው ተሻሽሏል።

የከብት ሐኪሙ፦
መምህር ጥሩ ብሏል፣ ግን ጆሮውን አትዝለይው። ኩክ ወይም ቁስል ካለ አሳዪው። ውሻ ሲያረጅ መጀመሪያ የሚጠፋው ቀጭን ድምፅ ነው፤ ፉጨት ትተሽ ወፈር ባለ ድምፅ ጥሪው። ከኋላ አትምጪበት፣ በእጅ ምልክት አስለምጂው። ጋባ ብለሽ ኪኒን ፍለጋ ደግሞ እንዳትወጪ፣ አደራ።

የጦሳዋ ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ጆሮውን አሳየሁት፣ ንጹሕ ነው። ዛሬ ገበያው ደምቆ ሳለ ፊት ለፊቱ ተንበርክኬ መሬቱን በመዳፌ መታ መታ አደረግሁለት። ቀጥ ብሎ መጣ! ወንድሜም አሁን በር ላይ ሞተሩን አጥፍቶ እጁን ያስሸትተዋል። ከዚያ ነው የሚገባው።