ልጄ በጨዋታ ላይ ኮንከሽን (ጭንቅላት ሲመታ የሚደርስ የአንጎል ጉዳት) ደርሶባት ሳለ ከቡድኑ የመልቀቂያ ቅጽ እንድትፈርም ተጠየቀች፤ ምን እናድርግ?

የልጅ እናት (ጠያቂ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ እዚህ አሜሪካ በስኮላርሺፕ ገብታ ለኮሌጇ እግር ኳስ ትጫወታለች። ኳስ በግንባሯ ለመግጨት ስትዘል ከተቃራኒ ተጫዋች ጋር ጭንቅላት ለጭንቅላት ተጋጨች። ሜዳ ዳር ጥቂት አስቀምጠው ውሃ ካጠጧት በኋላ መልሰው አስገቧት፤ ኮንከሽን መሆኑ የተነገረን በማግስቱ ነው። ዛሬም መብራት ሲበራ ዓይኗን ትሸፍናለች፤ አንዱን ገጽ ደጋግማ አንብባ ምን እንደሚል ስጠይቃት ይጠፋባታል። አሁን ደግሞ «በገዛ ፈቃዴ ከቡድኑ ወጥቻለሁ» የሚል ቅጽ እስከ ዓርብ ፈርማ እንድትመልስ ተላከላት። አሠልጣኙን መክሰስ እንችላለን? የምታውቁ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ።

ዳዊት ዘቨርጂንያ፦ እግዚአብሔር ይማርልዎት። ከሁሉ አስቀድሞ ልጅዎ ቅጹን እንዳትፈርም። ኮሌጁ በዲቪዥን አንድ (በኮሌጅ ስፖርት ከፍተኛው እርከን) የሚወዳደር ከሆነ በጉዳት ምክንያት ስኮላርሺፕ እንዳይቀነስ ወይም እንዳይሰረዝ የሚከለክል ደንብ አለ፤ በገዛ ፈቃዷ ለቀቀች ከተባለ ግን ይኸው ጥበቃ ሊቀርባት ይችላል። «መጫወት ያልቻልኩት በሕክምና ምክንያት ነው» ብላ በኢሜይል ትመልስ።

መምህር አ.፦ ነገሩን ከሥሩ ማየት ይገባል። የኮሌጅ ስፖርት ማኅበሩ ኤንሲኤኤ በ1906 (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) የተመሠረተው «ፉትቦል» በሚባለው፣ ኳስ በእጅ ይዘው በሚጋጩበት የአሜሪካ ጨዋታ ተማሪዎች እየሞቱ ስላስቸገረ ነበር፤ አባል ኮሌጆች የኮንከሽን አያያዝ ዕቅድ እንዲኖራቸው ያስገደደው ግን ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ በ2010 ነው። የቀድሞ ተጫዋቾች ስለ ኮንከሽን ማኅበሩን በጋራ ከስሰው በ2019 ፍርድ ቤት ባጸደቀው የ75 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት 70 ሚሊዮኑ ለቀድሞ ተጫዋቾች ለ50 ዓመታት የሕክምና ምርመራ፣ 5 ሚሊዮኑ ለምርምር ተመደበ። ለደረሰ ጉዳት ግን ካሳ አልተከፈለበትም፤ የሚመለከተውም እስከ ሐምሌ 2016 አጋማሽ ድረስ የተጫወቱትን ብቻ ነው።

ሠላም፦ መምህር፣ ታሪኩ መልካም ነው፤ እናትየው ግን ያለባቸው የዓርብ ቀጠሮ ነው። እህቴ፣ እኔ በጥያቄዎ አነሳስ አልስማማም። ግጭቱ የጨዋታው አካል ስለሆነ በራሱ ማንንም አያስጠይቅም፤ የሚያስጠይቀው ምልክት እየታየባት በዚያው ቀን መልሰው ማስገባታቸው ነው። ልጅዎ 18 ዓመት ከሞላት ከሳሿም እሷ እንጂ እርስዎ አይደሉም። ለመሆኑ በየትኛው ግዛት ነው? ኮሌጁስ የግል ነው የመንግሥት?

የልጅ እናት፦ ሜሪላንድ ነን፤ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ነው፤ 19 ዓመቷ ነው።

ዮናስ (በሕግ ቢሮ ረዳት)፦ እንግዲያው ቀኑን አጥብቀው ይያዙ። በሜሪላንድ የአካል ጉዳት ክስ በ3 ዓመት ውስጥ የሚቀርብ ቢሆንም፣ ተከሳሹ የግዛቱ ተቋም ሲሆን ጉዳቱ በደረሰ በ1 ዓመት ውስጥ ለግዛቱ ግምጃ ቤት ኃላፊ የጽሑፍ አቤቱታ መግባት አለበት፤ ብዙ ሰው 3 ዓመት አለኝ ብሎ ሲዘናጋ ይህ ያልፈዋል። ግዛቱ የሚጠየቀው ካሳም ለአንድ ሰው በ400,000 ዶላር የተገደበ ነው። ሌላው ከባድ ነገር፣ ሜሪላንድ ተጎጂው ጥቂት እንኳ ጥፋት ካለበት ክሱን ከሚጥሉት ጥቂት ግዛቶች አንዷ መሆኗ ነው። ስለዚህ የራስ ምታቷን ያን ጊዜ ለማን እንደተናገረች የሚያሳይ የስልክ መልእክት ካለ እንዳይጠፋ።

ፍርድ ቤቶቹም አንድ ዓይነት መንገድ አልሄዱም። የኦሃዮ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2018 የአንድ የቀድሞ ተጫዋች ቤተሰብ ክስ ጊዜው አልፏል ተብሎ ከጅምሩ እንዳይዘጋ ወስኗል፤ በ2022 በሎስ አንጀለስ የታየውን ተመሳሳይ ክስ ግን ዳኝነት የተቀመጡት ዜጎች ለኤንሲኤኤ ፈርደዋል። ሲመዘገቡ የፈረሙት የኃላፊነት ማስቀሪያ ውል ካለም ተስፋ አይቁረጡ፤ የፔንስልቬንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2019 እንዲህ ያለው ውል ከባድ ቸልተኝነትን እንደማይሸፍን ወስኗል፤ ሜሪላንድን ባያስገድድም ጠበቃ ሊጠቅሰው ይችላል።

ገነት፦ ዳዊት እንዳለው ነው፤ እንዳትፈርም።

ነርስ ማርታ፦ እኔን የሚያሳስበኝ ጤንነቷ ነው። ከቡድኑ ሐኪም ውጪ ኮንከሽን የሚያክም የነርቭ ሐኪም ዘንድ ውሰዷት፤ ለአንጎሏም ይበጃል፣ ማስረጃም ይሆናል። የአካል ጉዳተኞች መብት ሕጉን መሠረት አድርጋም የዩኒቨርሲቲውን የአካል ጉዳተኞች አገልግሎት ቢሮ የፈተና ጊዜ እንዲጨምሩላትና ትምህርቷን እንዲያቀሉላት ትጠይቅ፤ ለዚህ ክስ አያስፈልግም። የዲቪዥን አንድ ኮሌጆች ደግሞ ከነሐሴ 2024 ወዲህ በስፖርት ለደረሰ ጉዳት ተማሪው ከወጣ በኋላም ቢያንስ ለ2 ዓመት የሕክምና ወጪ እንዲሸፍኑ ይገደዳሉ።

የልጅ እናት፦ ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አልፈረመችም፤ ዳዊት እንዳሉት ኢሜይሉን ልካለች። የሕክምና መዝገቧን ስጠይቅ ግን ለእኔ አንሰጥም አሉኝ።

ዮናስ፦ ዕድሜዋ ስለሞላ ነው፤ ራሷ ፈርማ ትጠይቅ። የወቅቱ መጀመሪያ ላይ የወሰደችው የማስታወስና የማሰብ ችሎታ ምርመራ ውጤትና ትሬይነሩ (የቡድኑ የጉዳት ባለሙያ) የዚያን ቀን የጻፈው ማስታወሻ እንዲካተት በስም ትጥቀስ። ጨዋታው በኢንተርኔት ተላልፎ ከነበረ ቪዲዮውን ሳይነሳ ዛሬውኑ አውርዱት። ጉዳቱ የደረሰበትን ቀን አልነገሩንም፤ መቼ ነበር?