ቶኪዮ ላይ በባቡር ለመንቀሳቀስ ምክር እፈልጋለሁ (ማረፊያዬ ሀታጋያ ነው)

የፍራንኮዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው አዳማ ነው፤ ጨርቃጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ጥራት ቁጥጥር ላይ እሠራለሁ። ለካይዘን ሥልጠና ቶኪዮ ልሄድ ነው፣ አንድ ወር ተኩል ያህል እቆያለሁ። ማረፊያችሁ ሀታጋያ የሚባል ጣቢያ አጠገብ ነው ብለውናል። በሥራ ቀን አብረን ነው የምንጓዘው፤ ጭንቀቴ ቅዳሜና እሁድ ነው። የባቡሩን ካርታ ስልኬ ላይ ከፍቼ አየሁትና ዓይኔ ዞረ። እኛ እዚህ ባጃጅ አስቁመን “ፍራንኮ” ብለን የሰፈሩን ስም ከጠራን አለቀ።

የቱን ካርድ ልግዛ? የቱሪስት ትኬት የሚባለው ያዋጣል? ደግሞ አትሳቁብኝና፣ እሁድ የምሳለምበት ቤተ ክርስቲያንና እንጀራ የሚገኝበት ቦታ በባቡር ይደረሳል?

ዳንኤል ከቦሌ፦
ምንም አታስቢ፣ ጉግል ማፕ ሁሉንም ይነግርሻል። የ72 ሰዓቱን የቱሪስት ትኬት ግዢና እንደልብሽ ተመላለሺ። እኔ ለአጭር ጊዜ ሄጄ ከዚያ ሌላ ምንም አላስፈለገኝም።

የምድር ባቡር ልጅ፦
እህቴ፣ መጀመሪያ ያንን ካርታ ዝጊው። እዚያው ተወልደው ያረጁ ሰዎችም በቃላቸው አይዙትም።

ማወቅ ያለብሽ ነገር ባቡሩ የማን እንደሆነ ነው። አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ስለነበር እኔ ያደግሁት ባቡር ሲባል አንድ ድርጅት፣ አንድ ጣቢያ፣ አንድ ፊሽካ ብዬ ነው። ቶኪዮ ለትምህርት የኖርኩ ጊዜ ያየሁት ሌላ ነው። ጄአር የሚባለው ትልቁ የባቡር ድርጅት አለ። ቶኪዮ ሜትሮ 9 የምድር ውስጥ መስመሮች አሉት። ቶኤይ የከተማው አስተዳደር ነው፣ እሱም 4 የምድር ውስጥ መስመሮች አሉት። ከዚያ ኬዮ፣ ኦዳክዩ፣ ኬይሴይ የሚባሉ የግል ድርጅቶች ይመጣሉ። እያንዳንዱ የራሱ ታሪፍ አለው፣ አብዛኛውን ጊዜም የራሱ መግቢያ በር። ካርታው የሚያዞረው የአንድ ቤት ሥራ ስላልሆነ ነው።

ዳንኤል ያልከው ትኬት ለጎብኚ ጥሩ ነው፣ ግን የሚሠራው በሜትሮና በቶኤይ ብቻ ነው። ጄአር ላይ አይሠራም፣ ኬዮ ላይም አይሠራም። ሀታጋያ ደግሞ የኬዮ ጣቢያ ነው። ስለዚህ እሷ ከቤቷ በወጣች ቁጥር ተጨማሪ ልትከፍል ነው። ሥራ ላይ ውላ ቅዳሜና እሁድ ብቻ ለምትወጣ ሰው አያዋጣም።

ገንዘብ የሚሞላበት ካርድ ግዢ። ሱይካ ወይም ፓስሞ፣ ልዩነታቸው አያስጨንቅሽ፤ ሁለቱም በሁሉም ድርጅቶች በር ላይ ይሠራሉ። ስትገቢ ታስነኪዋለሽ፣ ስትወጪ ታስነኪዋለሽ፣ ሒሳቡን እሱ ያወራርዳል። አየር ማረፊያው ላይ “ዌልካም ሱይካ” የሚል የቱሪስት ካርድ ያሳዩሽ ይሆናል፤ እሱ ለ28 ቀን ብቻ ነው የሚያገለግለው፣ የተረፈ ገንዘብም አይመልስም። ለአንቺ አይበቃም። መደበኛውን በ500 የን መያዣ ውሰጂ፤ ስትመለሺ ካርዱን ለጄአር አስረክበሽ መያዣሽን ትቀበያለሽ። መሙያ ማሽኖቹ በአብዛኛው የሚፈልጉት ጥሬ ብር፣ ማለቴ የን፣ ነው። ሂሳቡ አልቆ መውጫው በር ቢዘጋብሽ አትደንግጪ፤ ከበሩ ወዲህ፣ አንቺ ባለሽበት በኩል፣ ጎደሎውን የምትከፍይበት ማሽን ቆሟል። ማንም ዞር ብሎ አያይሽም።

አሁን ወደ ሽንጁኩ ጣቢያ ልምጣ፣ ምክንያቱም የአንቺ መንገድ ሁሉ በዚያ ነው የሚያልፈው። ሽንጁኩን የአዳማ መናኸሪያ፣ ላም በረትና አውቶቡስ ተራ አንድ ጣሪያ ሥር ገብተው ባለቤቶቻቸው ግን ሳይታረቁ እንደቀሩ አድርገሽ ያዢው። በቀን 3 ሚሊዮን ያህል ሰው ይመላለስበታል፣ መውጫዎቹም ከ200 ይበልጣሉ። ከሰው ጋር “ሽንጁኩ እንገናኝ” ብለሽ እንዳትቀጣጠሪ። የመውጫውን ስም ወይም ቁጥር ተናገሪ።

የሀታጋያ ሰው ዋና ወጥመድም እዚሁ ነው። ሽንጁኩ ላይ “ኬዮ መስመር” አለ፣ “ኬዮ አዲሱ መስመር” ደግሞ ሌላ ነው። መድረካቸው አንድ ቦታ አይደለም። የመጀመሪያው ሀታጋያን ዘሎ ሳሳዙካ ይጥልሻል። አንቺ የምትፈልጊው አዲሱን ነው፦ ሽንጁኩ፣ ሃትሱዳይ፣ ሀታጋያ። የጣቢያዎቹ ቁጥር ኬኦ (KO) 01፣ 02፣ 03 ነው፤ ሰሌዳው ላይ ስሙን ማንበብ ቢያታክትሽ ቁጥሩን ተከተዪ።

ደስ የሚለው ነገር ይኸው መስመር ሽንጁኩ ላይ አያበቃም። ባቡሩ ሳይቀየር ድርጅቱ ይቀየራል፣ ቶኤይ ሽንጁኩ መስመር ሆኖ ከተማውን ወደ ምሥራቅ አቋርጦ ይሄዳል። ከሀታጋያ ተሳፍረሽ ጂምቦቾ ድረስ ከወንበርሽ ሳትነሺ ትደርሻለሽ (ወንበር ካገኘሽ)።

ቤተ ክርስቲያን ላልሽው፣ ኦቻኖሚዙ የሚባል ሰፈር ኒኮላይ ዶ የሚሏት የኦርቶዶክስ ካቴድራል አለች። በ1891 እ.ኤ.አ. የታነጸች ናት። የእነ ሩሲያ ወገን ናት፣ የእኛ አይደለችም፤ ገብቶ ለመጸለይ ግን ደስ ትላለች። ሽንጁኩ ላይ በጄአር በር ግቢና ብርቱካናማውን የቹኦ ባቡር ያዢ። ዮትሱያ አንድ፣ ቀጥሎ ኦቻኖሚዙ፤ ሁለተኛው ላይ ውረጂ። ቢጫው ባቡርም ይወስድሻል፣ ግን በየጣቢያው ይቆማል።

ሳራ ቲ፦
በዚህ ላይ የሴቶችን ነገር ልጨምር። ከጠዋቱ 1፡30 እስከ 3፡00 (በእኛ ሰዓት አቆጣጠር) ያለው ግፊያ ቀልድ አይደለም። ብዙ መስመሮች ላይ በዚያ ሰዓት ለሴቶች ብቻ የሚሆን ፉርጎ አለ፤ ወለሉ ላይ ሮዝ ምልክት ታያለሽ፣ እዚያ ተሰለፊ። የጀርባ ቦርሳሽን ወደ ፊት አዙሪ። ባቡር ውስጥ በስልክ አይወራም፤ እናትሽ ብትደውልም አታንሺው፣ ወርደሽ ደውይላት።

የፍራንኮዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ በተለይ የምድር ባቡር ልጅ። ሁለት ነገር ቀረኝ። ማታ ከናሪታ አየር ማረፊያ እንዴት ልግባ? የሚቀበለን ሰው አለ ተብሏል፣ ግን ባይመጣስ? ሁለተኛ፣ እንጀራውን ማንም አልመለሰልኝም።

የምድር ባቡር ልጅ፦
ባይመጣ፣ ናሪታ ተርሚናል 1 ምድር ቤቱ ውስጥ ሁለት ጣቢያ ታገኛለሽ፣ የጄአርና የኬይሴይ። ሻንጣ ይዘሽ ስለሆነ ናሪታ ኤክስፕረስ ይሻልሻል፤ ሽንጁኩ ድረስ የሚሄደውን ጠይቂ፣ ዋጋው ከ3,000 የን ያልፋል። ሱይካ ብቻ አስነክተሽ አትግቢ፣ ለኤክስፕረሱ የወንበር ትኬት ለብቻው ይቆረጣል። ይህንን ብዙ እንግዳ አያውቅም። ብር ቆጣቢ ከሆንሽ የኬይሴይ ተራ ባቡር በጣም ይረክሳል፣ ግን እስከ ኡኤኖ ነው፤ ከዚያ ወደ ሽንጁኩ በያማኖቴ መቀጠል አለብሽ። ያማኖቴ ከተማውን የሚዞረው አረንጓዴው የጄአር መስመር ነው፣ 30 ጣቢያ አለው፣ አንድ ዙር አንድ ሰዓት ያህል ነው። አቅጣጫ ቢሳሳትሽ እንኳ ዞሮ ያደርስሻል። የከተማው ባቡር እኩለ ሌሊት አለፍ ሲል እንደሚቆምና እስከ ንጋት 11 ሰዓት ገደማ እንደማይነሳ ግን ያዢ። የማታ በረራ ከዘገየ ይህ ነው የሚያስቸግረው።

እንጀራው፦ ሐበሾች በርከት ብለው የሚኖሩት ካትሱሺካ ወረዳ፣ ዮትሱጊ አካባቢ ነው፤ ምግብ ቤትም እዚያ አለ። ከሀታጋያ ቀጥታ ባኩሮዮኮያማ ድረስ ሂጂ፣ በምድር ውስጥ መተላለፊያው ወደ ሂጋሺ ኒሆምባሺ ጣቢያ ተሻገሪ፣ ከዚያ አሳኩሳ መስመርን ወደ ኦሺያጌ አቅጣጫ ያዢ። እሱም ኦሺያጌ ላይ ወደ ኬይሴይ ይቀየራል። “ሎካል” የሚለውን፣ በየጣቢያው የሚቆመውን፣ ብቻ ተሳፈሪ፤ በዚያው ሐዲድ ወደ ናሪታ የሚሮጠው አክሰስ ኤክስፕረስ ዮትሱጊን ሳያይ ያልፋል። ከመውጣትሽ በፊት ምግብ ቤቱ ክፍት መሆኑን ደውለሽ አረጋግጪ፣ መንገዱ ሩቅ ነው።

ዳንኤል ከቦሌ፦
ያ ኬዮ ላይ አይሠራም ያልከው ትክክል ነው፣ እኔ ያረፍኩት አሳኩሳ ሰፈር ስለነበር አልገጠመኝም። ዮትሱጊ ከአሳኩሳ ቅርብ መሆኑን ግን አሁን ነው የሰማሁት! ፓስታ ስበላ ከረምኩ እኮ።